የበርጋ ወንዝና ጠባቂዎቹ

ሰው ከትውልድ አገሩ ርቆ ሳለ የአገሩን ሰው ያገኘ እንደ ሆነ «የወንዜ ልጅ» ብሎ ይጠራዋል። የተራራዬ ልጅ ወይም የሜዳዬ ልጅ አይለውም። ይህ አነጋገር በቋንቋችን ውስጥ እንዲያው በዘፈቀደ የገባ አይመስለንም። አባቶቻችን ከአንድ ውኃ ጠጥቶ ማደግን እንደ ዝምድና ይቈጥሩት እንደ ነበረ ያስረዳል። ነገር ግን ዝምድና መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታም ያለበት ነገር ነው። ስለዚህ የወንዝ ልጅ ነኝ የሚል ሰው ሁሉ ለወንዙ ምን አድርጎለታል? ተብሎ ቢጠየቅ ተገቢ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ጥያቄ ሲሆን፣ ለምሳሌ የወሰድነውም በምዕራብ ሸዋ በእንጭኒ አካባቢ የሚገኘውን የበርጋን ወንዝ ነው።

በርጋ በዓለም ካርታ ላይ ስሙ በትልቅ ፊደል የተጻፈ ወንዝ አይደለም። እንደ ዓባይ አልተዘፈነለትም፤ እንደ ተከዜም ገደል ሰንጥቆ አይሄድም። ይሁን እንጂ የትንንሽ ወንዞችን ታሪክ የማያውቅ ሰው የትልልቆቹን ወንዞች ታሪክ ጠንቅቆ ሊያውቅ አይችልም። ትልቁ ወንዝ የትንንሾቹ ድምር ነውና።

እንጭኒ የአደአ በርጋ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ የምትገኘውም ከሆለታ ወደ ሙገር በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። የዚህ ወረዳ አቀማመጥ ከሌላው የሚለይበት አንድ አስደናቂ ነገር አለ። በወረዳው ደጋ ላይ የሚዘንበው ዝናም ለሁለት ይከፈላል። በሰሜን በኩል የወረደው ወደ ሙገር ወንዝ ይገባና ከዓባይ ጋራ ተቀላቅሎ ሱዳንንና ግብጽን አቋርጦ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ይዘልቃል። በደቡብ በኩል የወረደው ግን በበርጋ አድርጎ ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽም 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ወደ ማንም ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሓ ዳርቻ፣ ከጅቡቲ ወሰን አጠገብ በሚገኘው በአቤ ሐይቅ ያልቃል። በአዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊው ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲጀር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር (እ.ኤ.አ.) በ1934 ወንዙን ተከትሎ ሄዶ ይህንኑ ፍጻሜውን በዓይኑ አይቶ መስክሯል። እንግዲህ በአንድ መንደር ጣሪያ ላይ የወረዱ ሁለት ጠብታዎች አንዱ ባሕር ማዶ ሲሻገር፣ ሁለተኛው እስከ መጨረሻው ድረስ የኢትዮጵያን ምድር ብቻ ሲያጠጣ ይኖራል ማለት ነው።

የበርጋ ውኃ ወደ አዋሽ ከገባ በኋላ የሚያልፍባቸውን ስፍራዎች ማስታወስ የወንዙን ክብር ለመረዳት ይጠቅማል። ከዐምባው ወርዶ ሩቅ ሳይሄድ የሚያገኘው መልካ ቁንጡሬን ነው። «መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። በዚህ ስፍራ ጄራርድ ዴከር የሚባል ሆላንዳዊ የውኃ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1963 ውኃውን ሊያጠና ሄዶ የጥንት ሰዎች የሠሩባቸውን የድንጋይ መሣሪያዎች አገኘ። ከዚያ ወዲህ በተደረገው ቁፋሮ፣ ሰው በአዋሽ ዳር ከሚሊዮን ተኩል ዓመታት በላይ አንሥቶ ይኖር እንደ ነበረ ተረጋግጧል፤ ስፍራውም እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። ወንዙ ከዚያ ወርዶ የቆቃን ግድብ ይሞላል፤ የወንጂን ሸንኮራ ያጠጣል፤ ዝቅ ብሎም የአፋርን ከብት አርክቶ ሉሲ የተገኘችበትን የሐዳርን ምድር ያልፋል። ስለዚህ በእንጭኒ ዳገት ላይ አንድ ገበሬ በማረሻው የሚያደርገው ነገር ከመንደሩ ወሰን አልፎ ብዙ ርቆ የሚሰማ ነው።

በርጋ ከሌሎቹ የአዋሽ መጋቢዎች የሚለየው በሜዳው ነው። ወንዙ ከደጋው ወርዶ ወደ አዲስ ዓለም አቅጣጫ ሲሄድ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከሁለት ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ሰፊ ለጥ ያለ ሜዳ ያገኛል። በክረምት ወራት ከዳር እስከ ዳር ይሞላና ሜዳውን ረግረግ ያደርገዋል። ይህን ያየ ሰው መሬቱ በከንቱ በውኃ ተይዟል ብሎ ሊያዝን ይችላል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ጎርፉ ከዳገቱ አፈር ተሸክሞ በፍጥነት ወርዶ ሜዳው ላይ ሲደርስ ጕልበቱ ይደክማል። ውኃው ሲዘገይ የተሸከመውን አፈር በሣሩ ሥር ያስቀምጣል፤ ራሱም ቀስ በቀስ ወደ መሬት ይሰርጋል። መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ መሬቱ የጠጣውን መልሶ ጥቂት በጥቂት ለወንዙ ይለቅለታል። ስለዚህ ሜዳው በአንድ ጊዜ ሦስት አገልግሎት ይሰጣል፤ የክረምቱን ጎርፍ ያበርዳል፣ አፈሩን ያጣራል፣ የበጋውን ውኃ ያጠራቅማል። ብዙ ብር ወጥቶበት በሲሚንቶ የሚገነባ ግድብ የሚሠራውን ሥራ ያለ ደመወዝ ይሠራል ማለት ነው።

የጥንቱ ሕዝብ ይህን በሳይንስ ቃል ባይገልጸውም በልማዱ ያውቀው ነበር። ኦሮሞዎች በብዙ ስፍራ «ካሎ» የሚሉት፣ ለተወሰነ ጊዜ ከብት የማይገባበት የተከለለ ግጦሽ ነበራቸው። በአማራው አገርም የመስኖን ውኃ የሚያከፋፍል፣ ቦይ የሚያስጠርግ፣ ተራ ያለፈውን የሚቀጣ «የውኃ አባት» በጎረቤቶቹ ይመረጥ ነበር። ይህ ሰው ሹመቱ ከቤተ መንግሥት የመጣ አልነበረም፤ ሥልጣኑም የጎረቤቶቹ እምነት ነበር። ካደላ ይሽሩታል፤ ከሰነፈም ይለውጡታል።

ከዚህም በላይ ሕዝቡ ወንዝን የሚያየው እንደ ሥራ መሣሪያ ብቻ አልነበረም። ክረምቱ አልፎ የአደይ አበባ ሲፈነዳ ኦሮሞው እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ወደ መልካው ወርዶ በኢሬቻ ፈጣሪውን ያመሰግናል። በጥር ወር ደግሞ ክርስቲያኑ ታቦታቱን አጅቦ ወደ ወንዝ ወርዶ ጥምቀትን ያከብራል። ልብስ የሚታጠበው፣ ወጣቶች የሚተያዩት፣ እረኞች የሚዋኙት፣ ሽማግሌዎች ጥላ ሥር ዐርፈው የሚያወጉት በወንዝ ዳር ነው። ሰው የሚደሰትበትን ነገር መጠበቁ የተፈጥሮ ነገር ነው። በጕልበት የተጠበቀ ነገር ጠባቂው ሲያንቀላፋ ይጠፋል፤ በፍቅር የተጠበቀ ግን ሌሊትም ዘብ አያጣም። ከበርጋ ታሪክ የምናገኘው የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው።

የዚህ አካባቢ ስም በመንግሥት ታሪክ ውስጥ ጎልቶ የተነሣበት አንድ ዘመን ነበረ። ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባን ከመሠረቱ በኋላ ብዙ ዓመት ሳይቈይ የከተማዋ ዙሪያ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት አለቀበት። ንጉሠ ነገሥቱም እ.ኤ.አ. በ1900 ግድም ዋና ከተማቸውን ወደ ምዕራብ ሊያዛውሩ አስበው አዲስ ዓለምን መሠረቱ፤ ግንብም ማሠራት ጀመሩ። በዚህ መካከል ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ በአዲስ አበባ እየተስፋፋ ሄደና የእንጨቱ ችግር ተቃለለ፤ ዋና ከተማውም ሳይዛወር ቀረ። በአዲስ ዓለም የተጀመረው ሕንፃም የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ይህ ታሪክ ሁለት ገጽ አለው። ባሕር ዛፍ አንዲትን ዋና ከተማ ከመፍረስ አድኗል፤ ለዚህ ውለታው ልናመሰግነው ይገባል። ነገር ግን ይኸው ዛፍ በረግረግ ሜዳና በምንጭ አፍ ላይ በተተከለ ጊዜ ውኃውን አብዝቶ ስለሚጠጣ ሣሩን ያጠፋል፤ ምንጩንም ያደክማል። ስለዚህ የነገር መልካምነት በስፍራው መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የአዋሽ ውኃ የዘመናዊ ልማት መሠረት እንዲሆን ተወሰነ። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ የስኳር ፋብሪካ ሥራውን ጀመረ። ኢጣሊያ በከፈለችው የጦርነት ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብም በ1952 ዓ.ም. ተመርቆ 43 ሺህ ኪሎዋት ያህል የኤሌክትሪክ ኀይል የሚያመነጭ ሆነ። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። እነዚህ ሁሉ ለአገራችን ትልቅ እርምጃ መሆናቸው የሚያጠራጥር አይደለም። ሆኖም የሁሉም ዓይን ያተኰረው በወንዙ ወገብና በእግሩ ላይ እንጂ በራሱ ላይ አልነበረም። ግድቡ ሲሠራ ውኃው የሚመጣበትን ደጋ ማን ይጠብቀው? የሚለው ጥያቄ በቂ መልስ አላገኘም። ውጤቱም ሳይዘገይ ታየ። ደጋው ሲታረስና ሲራቈት ጎርፉ የጫነውን አፈር ወደ ቆቃ አወረደው፤ ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ሳያልፉም ደለል ለውኃ ማጠራቀሚያ ከታሰበው ስፍራ ቀላል የማይባል ክፍል ያዘው። ከላይ የተናቀች አንዲት ቦይ ከታች ያለውን ትልቅ ግድብ ስትበቀል ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

በዚያው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1228ኛው አንቀጽ፣ በሚፈስሱና በረጉ ውኃዎች ሁሉ ለመጠቀም ማኅበረ ሰቡ ቅድሚያ እንዳለው መደንገጉን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። ሕጉ ውኃን የመቈጣጠርና የመጠበቅን ሥራ ሥልጣን ላለው የመንግሥት ክፍል ሰጠ። ሐሳቡ እጅግ መልካም ነበር። ነገር ግን ለማኅበረ ሰቡ ቅድሚያ ሲሰጥ፣ ማኅበረ ሰቡ በማን አፍ እንደሚናገርና በየትኛው ሸንጎ እንደሚሰማ ካልታወቀ ድንጋጌው ወንዝ የማያሻግር ይሆናል። መሬቱ ከሞላ ጎደል በባለርስትና በጭሰኛ ተከፍሎ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ከሜዳው ሣር ላይ እበላለሁ የሚለው ድኻ እረኛ በፍርድ ቤት ደጃፍ ሕግ ጠቅሶ ሊከራከር የሚችልበት ዐቅም አልነበረውም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ ይህ ሁሉ ተለወጠ። ጭሰኛው ከባለርስት ቀንበር ነጻ ወጣ፤ ይህም በታሪካችን ከታዩት ታላላቅ ለውጦች አንዱ ነው። በየስፍራውም 20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር ያህል መሬት የሚያካልሉ የገበሬ ማኅበሮች እንዲቋቋሙ ተደረገ። ነገር ግን ወንዝ በ20 ጋሻ ውስጥ አይወሰንም። አንዱ ማኅበር ከላይ፣ ሁለተኛው ከመካከል፣ ሦስተኛው ከታች ሆኖ እያንዳንዱ የየራሱን ድርሻ ሲያስተዳድር ወንዙን በሙሉ «የእኔ ነው» የሚል ጠፋ። የቀድሞው ልማድም የአሮጌው ሥርዓት ቅሪት እየተባለ ተናቀ።

በዚህ ረገድ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረን የመንዙ የጓሳ ታሪክ ነው። በሰሜን ሸዋ ተራራ ላይ የሚገኘው ይህ ሰፊ የሣር ምድር ለብዙ ጅረቶች መነሻ ሲሆን፣ እንደ አገሬው ትውፊት ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የአስቦና የጌራ ዘሮች «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። ለተከታታይ ዓመታት ተዘግቶ ይቈይና በተወሰነ ጊዜ ሲከፈት ሕዝቡ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚሆነውን ሣር ያጭዳል፤ ከብቱንም ያሰማራል። ያለ ጊዜው የገባ ሰው ከባድ ቅጣት ያገኘው ነበር። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ የዘር መብት ሲቀር ሥርዓቱም ዐብሮ ፈረሰ፤ ጓሳውም ለመጣ ለሄደው ሁሉ ክፍት ሆነ። ቈይቶ ግን ሕዝቡ ጕዳቱን አይቶ በዘር ሳይሆን በነዋሪነት ላይ የቆመ አዲስ የመተዳደሪያ ደንብ አወጣና ጥበቃውን መለሰ። ቁም ነገሩም እዚህ ላይ ነው። የመንዝ ሰዎች ከአሮጌው ልማድ ጥበቡን ወሰዱ፤ አድልዎውን ተዉት። ጥንታዊ የሆነ ሁሉ ይመለስ የሚሉም፣ ጥንታዊ የሆነ ሁሉ ይወገድ የሚሉም ከዚህ ሊማሩ ይችላሉ።

ወደ በርጋ እንመለስ። ለዚህ ሜዳ ከወደ ሌላ በኩል ጠበቃ የመጣለት ባልታሰበ መንገድ ነው። በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1877 በሊቃውንት የተመዘገበችና ቶማስ አይረስ በተባለ ሰው ስም ሳሮትሩራ አይሬሲ ተብላ የተጠራች፣ ክንፏ ላይ ነጭ ምልክት ያለባት አንዲት ትንሽ የረግረግ ወፍ አለች። ቁመቷ ከስንዝር ብዙም አይበልጥም፤ በሣር ውስጥ ተሸሽጋ ስለምትኖርም ማየት እጅግ ያስቸግራል። ሊቃውንት ይህችን ወፍ በአገራችን በሱሉልታ ረግረግ ያውቋት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ግን በበርጋ ሜዳም እንደምትራባ ታወቀ። እስከ 2018 ድረስ ስትራባ በእርግጥ የታየችው በኢትዮጵያ ብቻ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በደቡብ አፍሪካም ስለ መራባቷ ማስረጃ ተገኘ። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ወፎች ከ250 እንደማይበልጡ ይገመታል፤ ከ2013 ጀምሮም ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ፍጥረታት መካከል ተቈጥራለች።

ወፏ ጎጆዋን የምትሠራው ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ፣ ጥልቅ ባልሆነ ውኃ ላይ በቆመ ሣር መካከል ነው። ውኃው ቢጐድል አውሬ ይበላታል፤ ሣሩ ቢታጨድ መሸሸጊያ ታጣለች፤ ከብት በብዛት ቢገባ እንቍላሏ ይረገጣል። ስለዚህ የወፏ መኖር የሜዳው ጤና መለኪያ ሆነ። ወፏ ካለች ውኃው አለ፣ ሣሩም አለ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ሜዳውን ለመጠበቅ ሲነሣ ሁለት መንገዶች ነበሩት። አንደኛው ሜዳውን አጥሮ ሕዝቡን ማስወጣት ሲሆን፣ ሁለተኛው ሕዝቡን ራሱን ጠባቂ ማድረግ ነበር። የተመረጠው ሁለተኛው ነው። ከነዋሪዎቹ መካከል የበርጋ ወፍ ወዳጆች የተባለ ማኅበር ተመሠረተ። ሕዝቡም ስለ ወፏ ሲነገረው የመለሰው መልስ ቅንና ትክክለኛ ነበር፤ ልጆቻችን የሚማሩበት ቤት የላቸውም አለ። ከደቡብ አፍሪካ ወፍ ወዳጆች በመጣ ርዳታም ለበርጋ ልጆች ትምህርት ቤት ተሠራላቸው። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «ወፍ ለማዳን ትምህርት ቤት ይሠራልን?» ብሎ ይስቅ ይሆናል። እኛ ግን ከዚህ የበለጠ ብልህ ውል በቀላሉ አይገኝም እንላለን። ሰው ሜዳውን እንዲጠብቅ ሲጠየቅ ከመሶቡ ላይ አንድ ነገር እንዲቀንስ መጠየቁ ነው። በክረምት ከብቱን ሲያግድ ወተት ያጣል፤ ሣሩን ሳያጭድ ሲቈይ የድርቆሽ ገንዘብ ይቀርበታል። ይህን ኪሣራ ድኻው ብቻውን ይሸከም፣ ጥቅሙን ግን ዓለም ሁሉ ይካፈል ማለት ፍርድ ማጓደል ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» የሚባለው ለዚህ ነው።

ይሁንና ሥራው አልቋል ብሎ መተኛት አይገባም። የዚህ አካባቢ የግጦሽና የውኃ ፍላጎት ትንሽ አይደለም። ከሆለታ ወደ ሙገር በሚወስደው በዚሁ መንገድ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ከዴንማርክ በመጡ የጀርሲ ጊደሮች የተመሠረተ የወተት እርባታ ይገኛል፤ በሙገር በኩል ደግሞ ከ1984 ጀምሮ የሲሚንቶ ፋብሪካ ተተክሏል። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ከሆለታ እስከ ግንጪ ባለው አገር የአበባ እርሻዎች ተስፋፍተዋል። የሕዝቡ ቍጥር አድጓል፤ ለአዲስ አበባ የወተት ላሞች የሚሸጥ ድርቆሽም ዋጋው ተወዷል። እነዚህ ሁሉ የሰው እንጀራ ናቸውና በክፉ ዓይን ልናያቸው አንሻም። ነገር ግን እያንዳንዱ ከወንዙ ጥቂት ሲወስድ «እኔ ብወስድ ምን ይጐድላል?» እያለ ነው፤ ሁሉም እንዲህ ሲል ወንዙ ያልቃል። የሜዳው አደጋ ከአንድ ጠላት የሚመጣ አይደለም። ቦይ ተቈፍሮ ረግረጉ ሲደርቅ፣ ባሕር ዛፍ ሲተከል፣ ግጦሹ ሲበዛ፣ ፓምፕ ሲጨመር ጥቂት በጥቂት የሚመጣ ነው። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ እንደሚባለው ሁሉ፣ ውኃ ራሱም ሲወሰድ እያሳሳቀ ነው።

የጠፋን ወንዝ መመለስ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል የኤሌክትሪክ ማመንጫ ከአገራችን የመጀመሪያው የውኃ ኀይል ጣቢያ ሲሆን፣ በደለልና በከተማ ቈሻሻ ተይዞ ለዐሥርት ዓመታት ከሥራ ውጭ ሆኖ ከቈየ በኋላ በብዙ ወጪ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2016 እንደገና ሥራ ጀምሯል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባን ወንዞች ለማጽዳትና ዳርቻቸውን ለማስዋብ 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ሥራ ታቅዶ ተጀመረ። ከባሕር ማዶም ብንመለከት፣ የለንደኑ ቴምዝ እ.ኤ.አ. በ1858 በበጋ ከመሽተቱ የተነሣ በዳርቻው ያለው የእንግሊዝ ምክር ቤት ሥራውን ለመሥራት ተቸግሮ ነበር። ታላቅ የቈሻሻ ማስወገጃ ቦይ ተሠራለት፤ ሆኖም ከመቶ ዓመት በኋላ በ1957 ሊቃውንት ሕይወት የለበትም አሉት። ዓሣ እንዲመለስበት ለማድረግ ተጨማሪ ዐሥርት ዓመታትና ብዙ ገንዘብ ፈጅቷል። ለንደን ባለጠጋ ስለ ሆነች ወንዟን መልሳ ልትገዛው ቻለች። የእንጭኒ ሰው ግን በርጋን ካጣው መልሶ የሚገዛበት ገንዘብ የለውም። ለድኻ ሰው የሚሻለው ያለውን አለማጥፋት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የተባለ እንደ ሆነ፣ ታሪክ ራሱ መልሱን ያመለክተናል። በስፓኝ አገር በቫሌንሲያ ከተማ ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ የሚሠራ የውኃ ችሎት አለ። ዳኞቹ በገበሬዎች የተመረጡ ገበሬዎች ናቸው። በየሳምንቱ ሐሙስ በቀትር በካቴድራሉ ደጃፍ ተሰብስበው የውኃ ክርክር ይሰማሉ፤ ጠበቃና ወረቀት ሳያስፈልግ በቃል ተከራክሮ ፍርዱ እዚያው ይሰጣል። ይህንም ችሎት እ.ኤ.አ. በ2009 ዩኔስኮ በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት መዝግቦታል። እኛ ይህን ስናነብ እንግዳ ነገር አይሆንብንም። ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ የሚፈርደው የኛው የውኃ አባት ከዚህ በምን ይለያል? ልዩነቱ እነርሱ የራሳቸውን አክብረው ከዘመናዊው ሕግ ጋራ ማስማማታቸው፣ እኛ ግን የራሳችንን ብዙ ጊዜ ረስተን መኖራችን ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 197 የአገሪቱ ውኃ ሁሉ የኢትዮጵያ ሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል። የጋራ ሀብት ማለት ግን ባለቤት የሌለው ሀብት ማለት አይደለም። የጋራ ሀብት እንዳይጠፋ በጋራ መምከር፣ በጋራ መጠበቅ፣ በጋራም መደሰት ያስፈልጋል። ስለዚህ በወረዳና በዞን መሥሪያ ቤት የምንገኝ ሠራተኞች በወንዝ ዳር ያለ መሬት ለሌላ ሥራ እንዲውል ሲጠየቅ፣ ፊርማ ከመፈረማችን በፊት የላዩንና የታቹን ጎረቤት አንድ ላይ ሰብስቦ መስማት ሥራችን ነው። ይህ ሥራን ማዘግየት ሊመስል ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን የሳምንት ምክክር የትውልድን ጸጸት ያስቀራል። ከላይ ላለው ጎረቤት ግጦሹን ለጊዜው ሲተው፣ ከታች በውኃው ከሚጠቀመው ወገን ተመጣጣኝ ውለታ የሚደርስበትን መንገድ ማበጀትም ከመንግሥት የሚጠበቅ ነው። ያለዚያ ጥበቃው የድኻ ጾም ሆኖ ይቀራል።

መምህራንም በበኩላቸው የጂኦግራፊን ትምህርት ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ወደ ወንዝ ዳር ሊያወርዱት ይችላሉ። ተማሪ የአማዞንንና የሚሲሲፒን ርዝመት በቃሉ ሲወጣ እንሰማለን፤ ከትምህርት ቤቱ በታች የሚያልፈው ጅረት ከየት እንደሚነሣና ወዴት እንደሚሄድ ሲጠየቅ ግን ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። የውኃውን ከፍታ በምልክት እንጨት ላይ በየሳምንቱ መለካት፣ ምንጮቹን በስማቸው መመዝገብ፣ ሽማግሌዎችን ስለ ድሮው ሜዳ ጠይቆ መጻፍ ታላቅ ወጪ የማይጠይቅ፣ ነገር ግን ለታሪክና ለሳይንስ የሚተርፍ ሥራ ነው። ዐሥር ዓመት የተጠራቀመ የተማሪ መዝገብ ለአንድ የውኃ መሐንዲስ ወርቅ ነው። የከተማው ሕዝብም እሑድ እሑድ በወንዙ ዳር የሚመላለስበት፣ ዐርፎ የሚጨዋወትበት ጥላና መንገድ ቢዘጋጅለት፣ የሚወደውን ያውቃል፤ ያወቀውንም ይጠብቃል።

የበርጋን ታሪክ ስንጠቀልለው፣ ወንዙ የተጠበቀው ጠባቂው ጎረቤት በሆነበት፣ ጎረቤቱም ድምፅና ጥቅም ባገኘበት ዘመን ነው። የተጐዳውም ትእዛዝ ከሩቅ በመጣበት ወይም ትእዛዝ ጨርሶ በጠፋበት ዘመን ነው። ልማድ ብቻውን አድልዎን ይሸከማል፤ ሕግ ብቻውን ጆሮ የለውም፤ ሳይንስ ብቻውን እጅ የለውም። ሦስቱ በአንድ ሸንጎ ሲቀመጡ ግን ወንዙ ጠበቃ ያገኛል። የእንጭኒ ልጅ ወደፊት በየትኛውም ከተማ የአገሩን ሰው አግኝቶ «የወንዜ ልጅ» ብሎ ሲጠራው፣ የሚጠራበት ወንዝ በበጋም የሚፈስስ ይሆን ዘንድ፣ ሥራው ዛሬ የዚህ ትውልድ ዕዳ ነው።